ዓሣ ከገበያ እስከ ገበታ፦ በቡርንስቪል ቤቶች ከባክቴሪያ የመጠበቂያ መመሪያ

ጤነኛ ዓሣ በሕይወት ሳለ በሥጋው ውስጥ ባክቴሪያ እምብዛም አይገኝም። ባክቴሪያው የሚኖረው በቆዳው ላይ፣ በስንጥቡና በአንጀቱ ውስጥ ነው። ዓሣው ሲሞት ሰውነቱ መከላከሉን ያቆማል። ከዚያ በኋላ ቢላዋው፣ የሰው እጅና የማጠቢያው ውኃ ባክቴሪያውን ወደ ሥጋው ያደርሱታል። የዓሣ ሥጋ ለስላሳና ውኃ የበዛበት በመሆኑ ከበሬና ከበግ ሥጋ ቀድሞ ይበላሻል። ከቀዝቃዛ ውኃ የመጣ ዓሣ ደግሞ ቅዝቃዜ የለመደ ባክቴሪያ ይዞ ስለሚመጣ ፍሪጅ ውስጥ ቢገባም ብልሽቱ ይዘገያል እንጂ አይቆምም።

በሐዋሳ አሞራ ገደል ወይም በባሕር ዳር ጣና ዳርቻ ዓሣ የሚገዛ ሰው ከጀልባ ሲወርድ አይቶ፣ ዓይኑ እያየ አስበልቶ ይወስዳል። ሐዋሳ ላይ ጥሬውን በዳጣ የሚበሉም ብዙዎች ናቸው። በሚኒሶታ ያለችው ቡርንስቪል ግን ከየትኛውም ባሕር ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። በከተማዋና በአካባቢዋ መደብሮች ከሚሸጠው ዓሣ ብዙው ከሌላ አገር የመጣ ነው፤ ቲላፒያው ከቻይና፣ ሳልመኑ ከኖርዌይ ወይም ከቺሊ፣ ሽሪምፑ ከሕንድ ወይም ከኢኳዶር ሊሆን ይችላል። ይህን ያህል መንገድ የተጓዘን ዓሣ በማሽተት ብቻ መመዘን አይቻልም፤ ሰውን የሚያሳምሙት ባክቴሪያዎች ብዙውን ጊዜ ሽታም ሆነ ጣዕም አይለውጡምና። አስተማማኝ መለኪያዎቹ የሙቀት መለኪያና ሰዓት ናቸው። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል በሙሉ በእነዚህ በሁለቱ ላይ የቆመ ነው።

በሽታ አምጪዎቹ

በዓሣና በቅርፊት ለበስ የባሕር እንስሳት የሚመጡ የባክቴሪያ ጉዳቶች በአራት ይከፈላሉ።

የመጀመሪያዎቹ በውኃው ውስጥ በተፈጥሮ የሚኖሩ ናቸው። ከእነዚህ ዋነኛው ቪብሪዮ ሲሆን የሚኖረው በባሕርና ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት ጨዋማ ውኃ ነው። ቅርፊት ለበሱ ኦይስተር ምግቡን የሚያገኘው ውኃ እያጣራ ስለሆነ ቪብሪዮን በሰውነቱ ውስጥ ያከማቻል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ሲዲሲ በአገሪቱ በየዓመቱ ወደ 80000 ሰዎች በቪብሪዮ እንደሚታመሙና 100 ያህሉ እንደሚሞቱ ገምቷል። ቪብሪዮ ፓራሄሞሊቲከስ አብዛኛውን ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ ተቅማጥ፣ ቁርጠትና ትውከት አምጥቶ በቀናት ውስጥ ይለቃል። ቪብሪዮ ቨልኒፊከስ ግን ወደ ደም ይገባል፤ ከሚይዛቸው 5 ሰዎች 1 ያህሉ ይሞታል፤ አንዳንዱም ሕመሙ በጀመረው በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ።

ሁለተኛዎቹ ከሰው፣ ከእንስሳ ወይም ከፋብሪካ ወደ ዓሣው የሚተላለፉ ናቸው፦ ሳልሞኔላ፣ ሊስቴሪያና ስታፊሎኮከስ። በ2012 ከሕንድ የመጣ ተፍቆ የቀዘቀዘ ጥሬ ቱና በ28 የአሜሪካ ግዛቶችና በዋሽንግተን ዲሲ 425 ሰዎችን በሳልሞኔላ አሳምሟል፤ አብዛኞቹ ዓሣውን የበሉት በሱሺ መልክ ነበር። ሊስቴሪያ በፍሪጅ ቅዝቃዜ መራባት ስለሚችል ሳይበስሉ ከሚበሉ የታጨሱ ዓሣዎች ጋር አብሮ ይነሣል። ስታፊሎኮከስ የሚመጣው ከአብሳዩ እጅና አፍንጫ ነው፤ ምግቡ ሞቅ ባለ ቦታ ሲያድር የሚያመነጨው መርዝ ደግሞ መልሶ በማፍላት አይጠፋም።

ሦስተኛዎቹ ሰው ከመመገቡ በፊት በዓሣው ውስጥ መርዝ የሚሠሩ ናቸው። ቱና፣ ማኬረል፣ ማሂ ማሂና ሰርዲን ከተያዙ በኋላ በቶሎ ካልቀዘቀዙ ባክቴሪያዎች በሥጋቸው ውስጥ ያለውን ሂስቲዲን ወደ ሂስታሚን ይለውጡታል። ሂስታሚን በመቀቀል፣ በመጥበስ፣ በማቀዝቀዝም ሆነ በቆርቆሮ በማሸግ አይጠፋም። ቦቱሊዝም የሚያስከትለው ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም ደግሞ የሚራባው አየር በሌለበት ነው። የዓሣው ዓይነት፣ ታይፕ ኢ የሚባለው፣ በ38 ዲግሪ ፋራናይት ማለትም በ3.3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንኳ ያድጋል። በ1963 ከታላላቆቹ ሐይቆች አካባቢ የመጣ የታጨሰ ዓሣ በበርካታ ግዛቶች ሰዎችን በዚህ መርዝ ገድሏል።

አራተኛዎቹ በቁስል በኩል የሚገቡ ናቸው። ኢትዮጵያውያን አጥብቀው የሚፈልጉት ቆሮሶ፣ በአሜሪካ ስሙ ቲላፒያ፣ እዚህ ላይ ይነሣል። በ1995 መጨረሻና በ1996 በካናዳ ቶሮንቶ አካባቢ ከገበያ የተገዛ ሙሉ ዓሣ፣ በአብዛኛው ቲላፒያ፣ ሲያሰናዱ እጃቸው የተወጋ ሰዎች ስትሬፕቶኮከስ ኢኒያይ በተባለ ባክቴሪያ ታመው እጃቸው አብጧል፤ ባክቴሪያው ወደ ደማቸው የገባባቸውም ነበሩ።

ይበልጥ ሊጠነቀቅ የሚገባው ሰው

ጤነኛ ጎልማሳን ለሁለት ቀን በተቅማጥ አሠቃይቶ የሚለቅ ባክቴሪያ ሌላውን ሊገድል ይችላል። የጉበት ሕመምተኛ፣ ሄፓታይተስ ቢ ወይም ሲ ያለበት ሰው፣ የስኳር ታማሚ፣ የካንሰር ሕክምና የሚከታተል፣ የበሽታ መከላከል አቅሙ የተዳከመ፣ አዛውንትና ሕፃን በዚህ ክፍል ይመደባሉ። የጨጓራ አሲድ መቀነሻ መድኃኒት የሚወስድ ሰውም አንዱ የሰውነት መከላከያው እንደቀነሰ ማወቅ አለበት፤ አሲዱ ብዙ ባክቴሪያ የሚገድል ነውና። ነፍሰ ጡር ሴት በሊስቴሪያ የመያዝ ዕድሏ ከሌላው ሰው 10 እጥፍ ያህል ይበልጣል። እሷን ቀለል ያለ ትኩሳት ብቻ ሊሰማት ይችላል፤ ፅንሱ ግን ሊሞት ይችላል። ከእነዚህ አንዱ በሚኖርበት ቤት ጥሬም ሆነ ለብ ለብ የተደረገ ዓሣ ለእርሱ አይቀርብም።

ደረጃ 1፦ መግዛት

ዓሣ የሚገዛው በገበያው ጉዞ መጨረሻ ነው። ዱቄቱና አትክልቱ ጋሪ ውስጥ ከገቡ በኋላ ዓሣው ይወሰዳል፤ በተለየ ፌስታልም ይታሰራል። በበረዶ ላይ የተዘረጋ ሙሉ ዓሣ ሲመረጥ ዓይኑ ጥርት ያለና ወጣ ያለ፣ ስንጥቡ ቀይ፣ ሥጋው በጣት ሲጫኑት ተመልሶ የሚነሣ መሆን አለበት። ፊሌቶ ከሆነ ጠርዙ ያልጠቆረና ያልደረቀ ይመረጣል። የአሞኒያ ወይም የጎምዛዛ ሽታ ያለው ይተዋል። እነዚህ ምልክቶች የተበላሸውን ለመለየት ይረዳሉ፤ ጥሩ መልክ ያለው ዓሣ ከሳልሞኔላ ወይም ከሂስታሚን ነጻ ነው ለማለት ግን አያበቁም።

የቀዘቀዘ ዓሣ ሲገዛ ድንጋይ ያህል ጠንካራ ሊሆን ይገባል። ጥቅሉ ውስጥ የበረዶ ብናኝ ከበዛ ወይም የቀለጠ ፈሳሽ ተመልሶ ከረጋ፣ ዓሣው በመንገድ ላይ ሟሙቶ እንደገና ቀዝቅዟል ማለት ነው። ትኩስ መስለው በመስታወት ሣጥን የሚታዩ ብዙ ዓሣዎችም ቀድሞ ቀዝቅዘው የነበሩ ስለሆኑ ሻጩን መቼ እንደሟሟ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ደረጃ 2፦ ወደ ቤት ማድረስ

ባክቴሪያ በፍጥነት የሚራባው ከ40 እስከ 140 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም ከ4 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ነው። ዓሣ በዚህ ሙቀት ከ2 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፤ የአየሩ ሙቀት ከ90 ዲግሪ ፋራናይት ሲያልፍ ጊዜው ወደ 1 ሰዓት ያጥራል። የሚኒሶታ ሐምሌ እርጥበት አዘል ሙቀት አለው፤ በፀሐይ የቆመ መኪና ውስጡ ከውጭው እጅግ ይብሳል። ከሚኒያፖሊስ ወይም ከሴንት ፖል ገበያ ገዝቶ በ35ደብሊው ወይም በ35ኢ መንገድ ወደ ቡርንስቪል የሚመለስ ሰው በትራፊክ ሰዓት ሊዘገይ ስለሚችል በረዶ የያዘ ማቀዝቀዣ ሣጥን መያዙ ይጠቅማል። በክረምትም ቢሆን ማሞቂያ ባለበት ወንበር ላይ ሳይሆን በኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ይቀመጣል።

ደረጃ 3፦ ማስቀመጥ

የፍሪጅ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ፋራናይት መብለጥ የለበትም። በበሩ ላይ የሚታየው ቁጥር ሁልጊዜ ትክክል ስላልሆነ ርካሽ የፍሪጅ ቴርሞሜትር መካከለኛው መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ይበጃል። ጥሬ ዓሣ ፈሳሹ በሌላ ምግብ ላይ እንዳይንጠባጠብ በጎድጓዳ ዕቃ ውስጥ ሆኖ በታችኛው መደርደሪያ ይቀመጣል። በ1 ወይም በ2 ቀን ውስጥ የማይበስል ከሆነ ወደ ፍሪዘር ይገባል።

ፍሪዘር በ0 ዲግሪ ፋራናይት፣ በሴንቲግሬድ ከዜሮ በታች 18፣ ባክቴሪያን ያስተኛል እንጂ አይገድልም፤ ዓሣው ሲሟሟ ባክቴሪያውም ይነቃል። በሚኒሶታ ብርድ በረንዳን ወይም ጋራዥን እንደ ፍሪዘር መጠቀም የተለመደ ቢሆንም አስተማማኝ አይደለም። በጥር ወር እንኳ ቀትር ላይ የፀሐይ ጨረር ያረፈበት ጥቅል ሊሟሟ ይችላል፤ ማታ እንደገና ሲረጋ ደግሞ መሟሟቱ አይታወቅም።

ደረጃ 4፦ ማሟሟት

ዓሣ በወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ወይም በሙቅ ውኃ አይሟሟም፤ ውስጡ ገና በረዶ ሳለ ላዩ ለባክቴሪያ ይመቻልና። ትክክለኛው መንገድ ከዋዜማው ምሽት ጀምሮ ፍሪጅ ውስጥ ማሳደር ነው። ለተቸኮለ ደግሞ ውኃ በማያስገባ ፌስታል አሽጎ በቀዝቃዛ ውኃ መንከርና ውኃውን በየ30 ደቂቃው መለወጥ ይቻላል። በማይክሮዌቭ የሟሟ ወዲያው ይበስላል።

አየሩ ተመጥጦ የታሸገ ዓሣ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከመሟሟቱ በፊት ከፌስታሉ ይወጣል፤ ቢያንስ ፌስታሉ ይከፈታል። አየር ሲያገኝ ቦቱሊዝም አምጪው ባክቴሪያ መርዙን መሥራት አይችልም። ታሽጎ በፍሪጅ ውስጥ የሟሟና ለቀናት የቆየ ጥቅል ሳይቀመስ ይጣላል።

ደረጃ 5፦ ማዘጋጀት

እጅ በሳሙና ለ20 ሴኮንድ ይታጠባል። እጁ የተቆረጠ ወይም የቆሰለ ሰው ጓንት ያደርጋል፤ ሙሉ ቲላፒያ ሲያሰናዳ የጀርባው ክንፍ እሾህ እንዳይወጋው ክንፉን በመቀስ ቀድሞ መቁረጥ ይረዳል። የተወጋ እጅ ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ይታጠባል። በሚቀጥሉት ቀናት ከቀላ፣ ካበጠ፣ ትኩስ ከሆነ ወይም ትኩሳት ከመጣ ሐኪም ዘንድ መሄድና ዓሣ መንካቱን መናገር ያስፈልጋል።

ፊሌቶ መታጠብ አያስፈልገውም፤ በወጥ ቤት ወረቀት ማድረቅ ይበቃል። በኃይል በሚወርድ የቧንቧ ውኃ ማጠብ ባክቴሪያውን በአካባቢው ባሉ ሰሃኖችና በሰላጣው ላይ ይረጨዋል። ሆድ ዕቃው የወጣለት ሙሉ ዓሣ ግን ውስጡ በቀጭን ውኃ ቀስ ተብሎ ይለቀለቃል። በሎሚና በጨው ማሸት ሽታውንና ልጋጉን ይቀንሳል፤ ጣዕም ይሰጣል። ባክቴሪያውን ግን አያጠፋም፤ ሚጥሚጣ፣ ዳጣ፣ አዋዜና አረቄም እንዲሁ።

ለዓሣ የተለየ መክተፊያ መኖሩ ለሰላጣና ለቃሪያ ደኅንነት ወሳኝ ነው። ሥራው ሲያልቅ መክተፊያው፣ ቢላዋውና ማጠቢያ ገንዳው በሙቅ ውኃና በሳሙና ይታጠባሉ። ከዚያም በ1 ጋሎን ውኃ ውስጥ 1 የሾርባ ማንኪያ ሽታ አልባ በረኪና ተበጥብጦ ይለቀለቁበታል፤ በራሳቸውም ይደርቃሉ።

ደረጃ 6፦ ማብሰል

ዓሣ በወፍራሙ ክፍሉ መካከል 145 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም 63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስ አለበት። የቴርሞሜትሩ ጫፍ አጥንት እንዳይነካ ተደርጎ ይገባል። ቴርሞሜትር በሌለበት ቤት ሥጋው መስታወትነቱ ጠፍቶ ነጭ ሲሆንና በሹካ ሲነኩት በቀላሉ ሲፈረፈር ይታወቃል።

የዓሣ ጉላሽና ሾርባ በሚፈላ መረቅ ውስጥ ስለሚበስሉ ችግራቸው ጥቂት ነው። ጥንቃቄ የሚፈልገው ሙሉ የዓሣ ጥብስ ነው። ዘይቱ ሲግል ቆዳው ቶሎ ይቀላል፤ በጀርባ አጥንቱ ዙሪያ ያለው ሥጋ ግን ጥሬ ሊቀር ይችላል። ሁለቱን ጎን በቢላዋ በጥልቀት መተልተል፣ ዓሣውን በደንብ አሟሙቶ መጥበስና መጥበሻውን አለማጨናነቅ ይህን ያስቀራሉ። የዓሣ ዱለትና ክትፎ ለብ ለብ ተደርገው ሲቀርቡ ሙቀቱ ባክቴሪያ ለመግደል አይበቃም፤ ሥጋው ሲከተፍ ላዩ ላይ የነበረው ባክቴሪያ ወደ ውስጥ ይቀላቀላልና ሙሉ በሙሉ ሊበስሉ ይገባል።

ጥሬ ዓሣ በምንም ዓይነት ዝግጅት ከአደጋ ነጻ አይሆንም። ለሱሺ የሚውል ዓሣ በኃይለኛ ቅዝቃዜ እንዲያልፍ የሚደረገው እንደ ኮሶ ያሉ ጥገኛ ትሎች እንዲሞቱ ነው፤ ሳልሞኔላና ቪብሪዮ በዚያ አይሞቱም። የታጨሰ ሳልመን ነፍሰ ጡርና ደካማ ሰው የሚበሉት በወጥ ወይም በምድጃ ውስጥ እስኪፈላ ሲሞቅ ብቻ ነው። በቆርቆሮ የታሸገው ግን በፋብሪካ ስለበሰለ እንዳለ ይበላል።

ቅርፊት ለበሶቹ፦ ሽሪምፕ፣ ሸርጣንና ኦይስተር

በብዙ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተሰቦች እነዚህ አይበሉም። ይሁንና በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል አካባቢ በሆቴልና በምግብ ቤት ወጥ ቤቶች የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን በየቀኑ ይነኳቸዋል፤ ልጆችም ከጓደኞቻቸው ጋር ይቀምሷቸዋል።

ኦይስተር፣ መስልና ክላም ሲገዙ ሕያዋን መሆን አለባቸው። ቅርፊታቸው የተሰነጠቀ ወይም ሲነኩት የማይዘጋ ይጣላል። ሲቀቀሉ ቅርፊታቸው ከተከፈተ በኋላ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ መፍላት ይቀጥላሉ፤ ሳይከፈት የቀረ አይበላም። በአብዛኛው የቪብሪዮ ሕመም የሚታየው ባሕሩ በሚሞቅበት ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ቢሆንም በሌሎቹ ወራትም ጥሬ ኦይስተር ከአደጋ አያመልጥም። እያንዳንዱ የኦይስተር ከረጢት ከየት ውኃ እንደመጣ የሚያሳይ ምልክት አለው፤ ምግብ ቤቶች ይህን ለ90 ቀን የማስቀመጥ ግዴታ አለባቸው፤ በሽታ ሲነሣ ምንጩ የሚገኘው በእርሱ ነውና። ሽሪምፕ ሥጋው ፈካ ያለ ነጭ ሆኖ እስኪጠነክር ይበስላል። የበሰለ ሽሪምፕ ጥሬው በነበረበት ሰሃን አይመለስም።

ከሐይቅ የተጠመደ ዓሣ

ከክሪስታል ሐይቅ፣ ከአሊማግኔት ወይም ከሚኒሶታ ወንዝ የተጠመደ ዓሣ ጉዞው አጭር ነው፤ የቅዝቃዜው ኃላፊነት ግን ሙሉ በሙሉ የአጥማጁ ነው። በበጋ የተያዘ ዓሣ በባልዲ ሙቅ ውኃ ውስጥ ከመዋል ይልቅ ወዲያው በረዶ ላይ ይጋደማል፤ ሆድ ዕቃውም በቶሎ ይወጣል። ውኃው እንደ አረንጓዴ ቀለም ሲወፍር ምክንያቱ ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ የሚባለው ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል። መርዙ በምግብ ማብሰያ ሙቀት ስለማይጠፋ ከዚያ ውኃ አለማጥመድ ይሻላል። የተያዘም ካለ ጉበቱና አንጀቱ ይጣላል፤ ሥጋው በንጹሕ ውኃ ይለቀለቃል። በክረምት በረዶ ተቦርቡሮ የተጠመደ ዓሣ በረዶው ላይ ይረጋል፤ ወደ ሞቀ ቤት ገብቶ ባልዲ ውስጥ ካደረ ግን ይበላሻል። በሚኒሶታ የሚገኙ ፓይክና ዎልአይ የዓሣ ኮሶ ትል ሊኖራቸው ስለሚችል ጥሬያቸውን አይበሉም።

ደረጃ 7፦ ማቅረብና ማስተረፍ

ለክርስትና፣ ለሠርግ ወይም ለተዝካር በትልቅ ድስት የተሠራ የዓሣ ወጥ እስኪቀርብ ድረስ ከ140 ዲግሪ ፋራናይት በላይ መሞቅ አለበት። የተረፈው በ2 ሰዓት ውስጥ ጥልቀት በሌላቸው ዕቃዎች ተከፋፍሎ ፍሪጅ ይገባል። ድስቱ እንዳለ ቢገባ መካከሉ ሳይቀዘቅዝ ያድራል። የተረፈ ዓሣ በ3 ወይም በ4 ቀን ውስጥ፣ እስከ 165 ዲግሪ ፋራናይት እየሞቀ ይበላል። ሌሊቱን ምድጃ ላይ ያደረ ይጣላል፤ የገንዘቡ ኪሳራ ከሕመሙ ያንሳልና።

ሕመም ሲከሰት

ተቅማጥና ትውከት ሲጀምር የመጀመሪያው ሕክምና የወጣውን ውኃና ጨው መተካት ነው፤ ለዚህ ከፋርማሲ የሚገዛ የሕይወት አድን ንጥረ ነገር ይረዳል። ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ፣ ከ102 ዲግሪ ፋራናይት በላይ ትኩሳት፣ ከ3 ቀን ያለፈ ተቅማጥ ወይም የሽንት መቀነስ ወደ ሐኪም ያስኬዳል። ዓሣ ከበሉ በደቂቃዎች ወይም በ1 ሰዓት ገደማ ፊት መቅላት፣ ራስ ምታት፣ የልብ ምት መፍጠንና ሽፍታ ከመጣ ሂስታሚን ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ሰው አለርጂ ይመስለዋል። መተንፈስ ካስቸገረ 911 ይደወላል። አንድን ነገር ሁለት አድርጎ ማየት፣ የዐይን ቆብ መውደቅ፣ አንደበት መተሳሰርና መዋጥ መቸገር የቦቱሊዝም ምልክቶች ስለሆኑ አንድ ሰዓት እንኳ አይጠበቅባቸውም፤ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ያስኬዳሉ። የጉበት ሕመም ያለበት ሰው ጥሬ ኦይስተር በልቶ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና ቆዳ ላይ ውኃ የቋጠረ እብጠት ካየም እንዲሁ። በሆስፒታል አስተርጓሚ ያለ ክፍያ መጠየቅ ይቻላል፤ ምን ዓሣ፣ የት ተገዝቶ፣ መቼ እንደተበላ ለሐኪሙ መንገር ምርመራውን ያፋጥናል።

የተጠረጠረው ዓሣ ከነጥቅሉና ከነደረሰኙ በፌስታል ታሽጎ ይቀመጣል። የሚኒሶታ ጤና መምሪያ የምግብ ወለድ ሕመም ጥቆማ የሚቀበለው በነጻ ስልክ 1-877-366-3455 ነው። በመምሪያው ውስጥ ቲም ዲ በመባል የሚታወቁ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለታመሙ ሰዎች እየደወሉ የበሉትን ይጠይቃሉ። ጥያቄው የበሽታውን ምንጭ ለማግኘት ስለሆነ ስልኩን አንሥቶ መመለስ ሌላውን ቤተሰብ ከተመሳሳይ ሕመም ያድናል።

በምግብ ቤት የሚሠራ ሰው ተቅማጥ ወይም ትውከት ካለበት ለአሠሪው መናገርና ምልክቱ ከቆመ በኋላ ቢያንስ 24 ሰዓት ከምግብ ሥራ መራቅ አለበት። ከጥር 1 ቀን 2024 ጀምሮ የጸና የሚኒሶታ ሕግ ሠራተኛው ለሠራው ለእያንዳንዱ 30 ሰዓት 1 ሰዓት የሚከፈልበት የሕመም ፈቃድ እንዲያጠራቅም ያዛል። ስለዚህ የታመመ ሠራተኛ ገቢዬ ይቀርብኛል ብሎ ሠርቶ ሕመሙን ለደንበኞች ማስተላለፍ አይገደድም።